«ራን» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስና የአማርኛ አቻዎቹ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን ይበልጥ የሚያደክሙት ረጃጅሞቹ የሳይንስ ስያሜዎች ሳይሆኑ በየዕለቱ የሚነገሩት አጫጭር ግሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ሰፊውን ቦታ የያዘው በመሠረቱ «አስቀመጠ» ማለት የሆነው «ሴት» የተባለው ግስ ሲሆን፣ ከ430 በላይ ፍቺዎች ተዘርዝረውለት ነበር። ለሦስተኛው እትም በተደረገው ክለሳ ግን ዘወትር «ሮጠ» እየተባለ የሚተረጐመው «ራን» ቀደመው፤ በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺዎች ተቈጠሩለት።

የፍቺው ብዛት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ግሱ ከጥንት ጀምሮ የእግርን ሩጫ ብቻ ሳይሆን የውሃንም ፍሰት ይገልጽ ነበር። በዘመዱ በጀርመንኛ ሁለቱ ሐሳቦች እስከ ዛሬ ተቀራራቢ ድምፅ ባላቸው ሁለት ግሶች ይነገራሉ፤ «ሬነን» ለሩጫ፣ «ሪነን» ለፍሰት ነው። ሳይቋረጥ መሄድ የሚለው ይህ መሠረታዊ ሐሳብ ነው በኋላ ለሞተር፣ ለድርጅት፣ ለጊዜ የተረፈው። አማርኛ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ግስ አይጠቀልልም። ዋና ዋናዎቹ ፈርጆች ከነአቻዎቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ሰውና እንስሳ፦ «ሮጠ»። ለምርጫ ሲሆን «ተወዳደረ»፤ ከአሳዳሪ ወይም ከቤት ሲሆን «ኮበለለ»።

ለ) ፈሳሽ፦ ለወንዝ «ፈሰሰ»፤ ለእንባ «ወረደ»፤ ለጨርቅ ቀለም «ለቀቀ»።

ሐ) መሣሪያና ሥራ፦ ለሞተር «ሠራ»፤ በመሥመር ለተመደበ አውቶቡስ «ተመላለሰ»፤ ለድርጅት «መራ፣ አስተዳደረ»፤ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም «አስኬደ»።

መ) ስፍራና ጊዜ፦ ለመንገድ «ዘለቀ»፤ ለቲያትር «ታየ»፤ ለውል «ጸና»፤ ለወለድ «ታሰበ»፤ ለይርጋ ዘመን «መቈጠር ጀመረ»።

ከመስተዋድድ ጋር ሲጣመር ደግሞ ፍቺው ይበልጥ ይርቃል፤ ከ«አውት» ጋር «አለቀ»፣ ከ«ኦቨር» ጋር «ዳጠ» ሊሆን ይችላል።

ከዚህ እንደምንረዳው አቻውን የሚወስነው ግሱ ብቻውን ሳይሆን ባለቤቱና ተሳቢው ነው። ተርጓሚው «ቃሉ ምን ማለት ነው?» ከማለቱ በፊት «የሄደው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ሲዘነጋ የሚደርሰው ጉዳት የአነጋገር ውበት ማጣት ብቻ አይደለም። በአማርኛ «ጊዜው ይሮጣል» ሲባል ፈጥኖ ያልፋል ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ የሕግ አነጋገር ግን የይርጋ ዘመን «ራን» አደረገ ሲባል ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቈጠራል ማለት ነው። የመጀመሪያው ስለ ፍጥነት፣ ሁለተኛው ስለ መነሻ ቀን ይናገራል። ቃል በቃል የተተረጐመውን ሰነድ የያዘ ባለጉዳይ ቀኑ ከመቼ እንደሚነሣ ሳያውቅ መብቱ በይርጋ ሊቀርበት ይችላል።

ችግሩ የእንግሊዝኛ ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ይበጃል። የእኛው «ወጣ» ለፀሐይ፣ ለዳገት፣ ለሕፃን ጥርስ፣ ለአዋጅ፣ ለስም፣ ለሎተሪ ዕጣ፣ ለገንዘብም ያገለግላል። አማርኛን የሚማር የውጭ አገር ሰው ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ቢሰጠው እንደሚሳሳት ግልጽ ነው።

ስለዚህ በሁለት ቋንቋ በሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለእንዲህ ያለው ግስ በመጀመሪያ መሠረታዊው ሐሳብ በአጭሩ ቢገለጽ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱ ፍቺ ዘወትር ከሚከተለው ስም ጋርና ከነምሳሌው ቢሰፍር መልካም ነው። አዲስ ቃል መፍጠር ወይም «ሮጠ»ን ያለ ልማዱ ማስፋፋት አያስፈልግም። ከላይ እንደታየው ለየፈርጁ የሚሆነው ግስ በሕዝቡ አንደበት ያለ ነው፤ የአዘጋጁ ተግባር ለይቶ በየቦታው ማስቀመጥ ነው።