ኤች አይ ቪ በደማቸው ስለሚገኝ እናቶች የምንጠቀምባቸው ስያሜዎች

በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ እንዲሁም በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ለነፍሰ ጡር ሴት የሚሰጠው የጤና ምክር ሦስት ቋንቋዎችን ይሻገራል። የሕክምናው መመሪያ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ማብራሪያው እንደ ተናጋሪው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይሰጣል። በዚህ መካከል አንዲት ምዕላድ ብትዛነፍ ጉዳቱ ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ሕፃኑ ዘንድ ይደርሳል።

«ነፍሰ ጡር» ከግእዙ «ጾረ» የመጣ፣ መሸከምን የሚያመለክት ስም ነው። በኦሮምኛም እርግዝና «ኡልፈ» ሲባል፣ ክብደትና ክብር ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። ሸክሙ ክቡር ነው ማለት ነው። «ቫይረሱ ያለባት» የሚለው ሐረግ ግን ሌላ ዐይነት ሸክም ይጭናል። «ልጅ አላት» እንላለን፤ «ዕዳ አለባት» እንላለን። «ስኳር ያለበት ሻይ» ጣፋጭ ነው፤ «ስኳር ያለበት ሰው» ግን ታማሚ ነው። «በ» ከሰው ጋር ሲጣበቅ ጉዳትን ያመጣል። ስለዚህ «ቫይረሱ በደሟ የሚገኝ እናት» ቢረዝምም የተሻለ ይመስለኛል።

ግሡም ጥንቃቄ ይሻል። «ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል» ሲባል ባለቤቱ ቫይረሱ ነው። «እናት ለልጇ ታስተላልፋለች» ሲባል ግን አድራጊዋ እናቲቱ ትሆናለች፤ ሰዋስው ሳታስበው ይከሳታል። በቫይረሱ ምክንያት የምትከሰስበት አንዳች አድራጎት የለም፤ ተርጓሚው የመጀመሪያውን ይያዝ።

ከሁሉ የሚከብደው የቫይረሱን መጠን የሚመለከተው ስያሜ ነው። ምንም ዐይነት መከላከያ ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ማጥባት ወቅት ወደ ሕፃኑ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይገመታል፤ በተገቢው ሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። በኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ በአግባቡ ሲወሰድ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይደረስበት መጠን ይቀንሳል። ይህን «የማይታይ ቫይረስ» ማለት ከንቱ ነው፤ በዐይን የሚታይ ቫይረስ ከቶ የለምና። «ቫይረሱ የለባትም» ማለት ደግሞ አደጋ ነው። እናቲቱ ድኛለሁ ብላ ኪኒኑን ብታቋርጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይባዛል፤ የሚያሰጋው ያን ጊዜ ነው። «መጠኑ መሣሪያ ሊለካው ከሚችለው በታች የወረደ፣ ነገር ግን ያልጠፋ» የሚል ገለጻ ስያሜ ለመባል ረዝሟል፤ እኔ ግን ከአጭር ስሕተት ረዥም እውነት እመርጣለሁ።

በመጨረሻ «ጡት ብቻ» የሚለውን እንይ። ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሕፃኑ ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል፤ ሌላ ምግብ ከጡት ጋር መቀላቀል የመተላለፍን ዕድል ይጨምራልና። ሆኖም ውኃ በብዙ ሰው አእምሮ ከምግብ ስለማይቆጠር «ብቻ» ውኃን አያስቀርም፤ ቅቤና አብሽም እንደ ማለስለሻ ሊታለፉ ይችላሉ። የኦሮምኛው «ሀርመ ቆፋ»ም ከዚህ ችግር አያመልጥም። በአንጻሩ ቃሉን አጥብቃ የያዘች እናት ለሕፃኑ የታዘዘውን የኔቪራፒን ሽሮፕ እንኳ ልትከለክል ትችላለች። ያን ጊዜ «ብቻ» ሲላላም ሲጠብቅም ይጎዳል። ስለዚህ በትርጉሙ ውስጥ «ውኃም ቢሆን ሳይጨመር፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር» የሚለው ሐረግ ሳይቀነስ ይግባ።