የሥራ ጊዜ ሰሌዳን በኮምፒዩተር ማዘጋጀት፦ ለጀማሪ ዕቅድ አውጪዎች

የመስቀል በዓል ዋዜማ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ይውላል። በዚያን ዕለት በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደመራ ይለኮሳል። ለበዓሉ የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ፣ ይኸውም የደመራው እንጨት መቅረብና መቆም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ልምምድ፣ የአደባባዩ መጽዳት፣ የመንገዶቹ መዘጋት፣ ከዚህ ሰዓት በፊት ተጠናቅቆ መገኘት አለበት። ዝግጅቱ ዘገየ ተብሎ በዓሉ ወደ መስከረም 20 አይተላለፍም። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቀን የሚቆጠረው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው።

የትምህርት ዓመትም እንዲሁ በቀላሉ የማይገፋ ቀን አለው። ተማሪዎች በመስከረም ሲመጡ ክፍሉ ጣሪያ፣ ዴስኩም እግር ሊኖረው ይገባል። ይሁን እንጂ የክረምት ዕቅድ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የተግባራት ዝርዝርና በትይዩው የተጻፈ የወር ስም ብቻ ነው። “የጣሪያ ጥገና፦ ሐምሌ፤ የጥገና ዕቃ ግዥ፦ ነሐሴ” የሚል ዕቅድ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ሊያልፍ ይችላል። የወር ስም አንዱ ሥራ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አይናገርምና፣ ስሕተቱን የሚያስተውል ሰው ላይገኝ ይችላል። የጊዜ ሰሌዳ ማውጫ ሶፍትዌር ለዕቅድ አውጪ የሚሰጠው ዋነኛ አገልግሎት ይህንን መንጠልጠል በግልጽ እንዲጽፍ ማስገደዱ ነው።

ዘዴው ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሥራን ቆይታ በአግድም መስመር የሚያሳይ ሠንጠረዥ በስፋት እንዲታወቅ አደረገ፤ ሠንጠረዡ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በተግባራት መካከል ያለውን ትስስር አስልቶ ረጅሙን ሰንሰለት የመለየት ዘዴ ግን የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የዱፖንት ኩባንያ ከሬሚንግተን ራንድ ጋር በመሆን ለፋብሪካ ግንባታና ጥገና የሚያገለግል ስሌት አዘጋጀ፤ በ1958 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ሥራ ተመሳሳይ ዘዴ ሠራ። ያን ጊዜ ለስሌቱ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ያስፈልጉ ነበር። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በ1984 ለግል ኮምፒዩተር ከቀረበ ወዲህ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚከናወን ሥራ ሆኗል። ዛሬ እንደ ጋንትፕሮጀክትና ፕሮጀክትሊብሬ ያሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የተግባራቱንም ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ሶፍትዌሩ ከተጠቃሚው የሚጠይቀው መሠረታዊ መረጃ ሦስት ነው፤ የተግባሩን ስም፣ የሚፈጀውን የሥራ ቀን፣ ከእርሱ በፊት ማለቅ ያለበትን ቀዳሚ ተግባር። ከሦስቱ አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። ለዚህ መስቀል አደባባይ ራሱ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በአደባባዩ ሥር ከአንድ ሺህ በላይ መኪናዎች የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። በእንዲህ ያለው ሥራ ሕዝብ የሚቆምበት የላይኛው ወለል ሊነጠፍ የሚችለው ከበታቹ ያለው ቁፋሮ፣ ምሰሶና ጣሪያ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። የሠራተኛ ብዛት ይህንን ቅደም ተከተል አይለውጠውም። በአደባባዩ አጠገብ የሚያልፈው የቀላል ባቡር ደግሞ ሌላ ዓይነት ትስስር ያሳያል። የሰሜን ደቡብና የምሥራቅ ምዕራብ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የሰሜን ደቡቡ አገልግሎት መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀመር የምሥራቅ ምዕራቡ የጀመረው ጥቅምት 29 ቀን ነበር። የጋራው ክፍል ለመጀመሪያው መስመር ሲባል አስቀድሞ መድረስ ነበረበት፤ የሁለተኛው መስመር የቀሩት ክፍሎች ግን የመጀመሪያውን አገልግሎት አላስቆሙም። ዕቅድ አውጪ በሰሌዳው ላይ መለየት ያለበት ይህንን ነው፤ የትኛው ሥራ ሌላውን ይይዛል፣ የትኛውስ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምሳሌ ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ነው። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የአራት ክፍሎች ጣሪያ ያፈስሳል እንበል፤ ዴስኮቹም ተሰባብረዋል። ርእሰ መምህሩ በክረምቱ ሁለቱንም ለማስጠገን ያቅዳሉ። የሥራ ዝርዝርና የወጪ ግምት ማዘጋጀት 6 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ፕሮፎርማ ሰብስቦ የቆርቆሮውንና የእንጨቱን ግዥ ፈጽሞ ንብረት ክፍል እስኪገባ 12 ቀን ያስፈልጋል። ክፍሎቹን ባዶ ማድረግ 2 ቀን፣ አሮጌውን ጣሪያ ማፍረስ 3 ቀን፣ አዲሱን ማልበስ 8 ቀን፣ ኮርኒስና ቀለም 7 ቀን፣ የዴስክ ጥገና 15 ቀን፣ በመጨረሻም ዴስኮቹን መልሶ ማስገባት 2 ቀን ይፈጃል። እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ቢደመሩ 55 የሥራ ቀን ይሆናሉ።

አሁን ትስስሩ ይገባል። ክፍሎቹን ባዶ ማድረግ ማንንም አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል። የዴስክ ጥገናው የሚጠብቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ጣሪያው የሚፈርሰው ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑና ቆርቆሮው ንብረት ክፍል ከገባ በኋላ ነው። ከማፍረስና ከግዥ ማልበስ፣ ከማልበስ ኮርኒስና ቀለም ይከተላሉ፤ ዴስኮቹ የሚገቡት ቀለሙም ጥገናውም ሲያልቅ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ሲያሰላ ሥራው በ38 ቀን እንደሚያልቅ ያሳያል። ረጅሙ ሰንሰለት ከዝርዝር ዝግጅት ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ማፍረስ፣ ወደ ማልበስ፣ ወደ ቀለም፣ ወደ ማስገባት የሚሄደው ነው። ይህ ወሳኝ መስመር ይባላል፤ በዚህ መስመር ላይ የሚጠፋ አንድ ቀን ጠቅላላውን ሥራ በአንድ ቀን ያዘገያል። በብዙ ፕሮግራሞች በቀይ ቀለም ይታያል። የዴስክ ጥገናው ግን በ17ኛው ቀን ስለሚያልቅና የሚፈለገው በ36ኛው ቀን ስለሆነ 19 ቀን ትርፍ ጊዜ አለው።

በቀዩ መስመር ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከ38ቱ ቀናት 18ቱ የሚያልፉት ሚስማር ሳይመታ፣ በወረቀት ሥራ ነው። ጥገና ሲዘገይ የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ አናጢው ነው፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ ግን አናጢው ገና ጣሪያ ላይ ሳይወጣ የጊዜው ግማሽ ሊያልቅ ትንሽ ይቀረዋል። ለዴስክ ጥገና ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠርም አንድ ቀን አያሳጥርም። የሚያሳጥረው ሌላ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር በአዲሱ በጀት የሚፈጸም ግዥ ከዚያ በፊት አይሆንም፤ የሥራ ዝርዝሩንና ግምቱን ለማዘጋጀት ግን በጀት መጠበቅ አያሻም። ዝርዝሩ በሰኔ ቢያልቅ ከሐምሌ 1 በኋላ የሚቀረው ሥራ 32 ቀን ብቻ ይሆናል፤ በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ ነሐሴ 7 ገደማ ያልቃል ማለት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለዝናብ ይተርፋሉ።

ዝናቡ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍተኛው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ጀማሪ የጣሪያ ማፍረሱን ተግባር ሲያስገባ “ክፍሎቹን ባዶ ማድረግ” የሚለውን ብቻ ቀዳሚ አድርጎ ግዥውን ቢዘነጋ ምን ይሆናል? ሶፍትዌሩ ማፍረሱን ወደ 3ኛው ቀን ይስበዋል፤ ጠቅላላው ጊዜም ከ38 ወደ 35 ቀን ይወርዳል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው መሻሻል ነው። በትምህርት ቤቱ ግን ጣሪያው በ5ኛው ቀን ፈርሶ ቆርቆሮው እስኪመጣ ድረስ ለ13 የሥራ ቀናት ግድግዳውና ወለሉ ለክረምት ዝናብ ተጋልጠው ይሰነብታሉ። የተረፈው ሦስት ቀን ለግድግዳ ልስን አይበቃም። ፕሮግራሙ ስሕተት አልሠራም፤ የተነገረውን አስልቷል። ዝናብ መዝነቡን የነገረው የለም።

ከዚህ የሚቀጥለው ወጥመድ የሰው ኃይል ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ዴስኩንም ጣሪያውንም የሚሠሩት እነዚያው አናጢዎች ናቸው ቢባል፣ ሰሌዳው እንደታቀደው ከሄደ ችግር የለም፤ ዴስኩ በ17ኛው ቀን ያልቃል፣ ማፍረሱ በ19ኛው ቀን ይጀመራል። ዳሩ ግን “19 ቀን ትርፍ ጊዜ አለ” ተብሎ የዴስክ ጥገናው በ5 ቀን ቢዘገይ አናጢዎቹ የሚለቀቁት በ22ኛው ቀን ነው፤ ማፍረሱም በ4 ቀን ይዘገያል፤ ጠቅላላው ሥራ 42 ቀን ይሆናል። እውነተኛው ትርፍ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ስለሆነም በእያንዳንዱ ተግባር ላይ የሚሠራው ሰው ስም ወይም የቡድን መጠሪያ መመዝገብ አለበት። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ዓምድ ባዶ ይተዉታል።

ስለ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ በተለይ መነገር ያለበት ነገር አለ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሳምንቱንም ከሰኞ እስከ ዓርብ ያደርጉታል። ቅዳሜ የሚሠራ ትምህርት ቤት ይህን ሳያስተካክል 38 ቀኑን ቢያስገባ ሰሌዳው ከአንድ ሳምንት በላይ ይረዝማል። በአንጻሩ የሕዝብ በዓላት በራሳቸው አይገቡም፤ በእጅ መመዝገብ አለባቸው። እንደ መውሊድና ዒድ ያሉት በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ የየዓመቱ ቀን ታይቶ ይሞላል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል። ለምሳሌ ጳጉሜን በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ስለነበራት የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ውሏል። ያለፈውን ዓመት ፋይል ገልብጦ መጠቀም በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ያስታል፤ ለደመራ ዝግጅት አንድ ቀን ብዙ ነው። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙ 8፡00 ሲል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ከቤት ውጭ ለሚሠሩ ተግባራት የክረምቱን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ጊዜ የሚቀንስ ራሱን የቻለ መቁጠሪያ ማዘጋጀት የሚፈቅዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካልተቻለ የጣሪያውን 8 ቀን ወደ 12 ከፍ አድርጎ መገመት ይሻላል።

ሰሌዳው ሲጸድቅ እንዳለ መነሻ ዕቅድ ሆኖ ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ የተሠራው ይመዘገባል። እዚህ ላይ ለአሠሪዎች የሚቀርበው የተለመደ ጥያቄ “ሥራው ስንት በመቶ ደርሷል?” የሚል ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ የሚያስደስት ይሆናል። “ለመጨረስ ስንት ቀን ይቀራል?” ብሎ መጠየቅ ይበልጣል፤ የሚቀረውን ቀን የሚናገር ሰው ስለ ነገ ማሰብ ይገደዳልና። የተገኘው ቁጥር መነሻውን ዕቅድ ሳይሰርዝ ከጎኑ ይሰፍራል። ሰሌዳው የተዛነፈ በታየ ቁጥር መነሻውን ቀን ማስተካከል የሚወዱ ክፍሎች አሉ፤ እነርሱ ዘንድ ምንም ሥራ ዘግይቶ አያውቅም፣ ጣሪያው ግን ያፈስሳል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህን ዘዴ ለማስተማር የደመራው ዝግጅት ራሱ ምቹ መልመጃ ነው፤ ሁሉም ሠልጣኝ በዓሉን ያውቀዋል፣ የመጨረሻው ቀንም አከራካሪ አይደለም። ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው ተግባራቱን በካርቶን ቁራጮች ላይ ይጽፋሉ፤ መስከረም 16 የሚለውን በግድግዳው ቀኝ ጫፍ ለጥፈው ሌሎቹን ወደ ግራ እየደረደሩ በክር ያያይዟቸዋል። የመዘምራኑ ልምምድ አልባሳቱን ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም? ደመራው የሚቆመው መድረኩ ከመሠራቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የሚነሣው ክርክር ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ቢመደብ ይመረጣል። ኮምፒዩተሩ የሚከፈተው ክሩ ታስሮ ሲያልቅ ነው።