የቡና እጥበት ውሃ ወንዝ ሲገባ

  በጅማ ዞን፣ በጎማ፣ በማናና በሊሙ ወንዞች ዓሣን የሚያፍነው እሸት ቡና የታጠበበት ውሃ ነው። ስኳሩንና ዝልግልጉን ባክቴሪያ ሲበላው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ውሃው ይኮመጥጣል። የሚያሳስበኝ ወቅቱ ነው፦ እጥበቱ የሚጧጧፈው ክረምት አልፎ ወንዙ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። በጅማ ከተማም የአዌቱ ወንዝ የከተማዋን ፍሳሽ ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ጊልጌል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል።

የቡና መፈልፈያ ባለቤቶች፣ እባካችሁ የፍሳሽ ጉድጓዱን ከወንዙ አርቁ፤ ልጣጩን ለብስባሽ ማዳበሪያ አውሉት። የእጥበቱን ውሃ ደጋግሞ መጠቀምም የፍሳሹን መጠን ይቀንሳል። ጉድጓዱ የሚጠረገው ለቀማው ሳይጀመር ነው።