አራት ቡክሌት፣ አንድ አንቀጽ

ሙረባዕ በዐረብኛ አራት ማዕዘን ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው የሪያድ ሰፈር ስሙን የወረሰው ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1930ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአሮጌው የከተማ ቅጥር ውጭ ካሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። በ1972 የተመሠረተው፣ ዳራ የሚባለው የጥናትና የመዛግብት ተቋምም እዚያው ነው። የድሮ ወረቀት ጠባቂ ቤት ነው፤ ስለ ሰነድ አያያዝ ለማውራት ጥሩ ጎረቤት።

እዚያው ሰፈር ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አራት የመመሪያ ቡክሌቶች በአማርኛና በዐረብኛ ያሳትማል እንበል። ስለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እድሳት የሚናገረው አንቀጽ በአራቱም ውስጥ አለ። አሠራሩ ሲለወጥ ሦስቱ ይታረማሉ፣ አራተኛው ይረሳል። ታትሞ የተበተነ ስህተት ደግሞ አይሰበሰብም።

የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፦ አንቀጹ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ቡክሌቶቹ ከዚያ ይጠሩታል። ብዙዎች ግን ቶሎ ወደ ድረ ገጽ መሥሪያው ወርድፕረስ ይሮጣሉ። ከ2003 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ለስክሪን ግሩም ነው። የገጽ ቁጥር ያለው ማውጫ፣ በየወረቀቱ ግርጌ የሚወርድ ማስታወሻ፣ ሠንጠረዥ የት ገጽ ላይ ይቆረጥ የሚሉት ጣጣዎች ግን ሥራው አይደሉም።

ለመመሪያ ሰነዶች የተወለደው፣ ለኅትመትም የሚሆነው ዲታ ነው። አይቢኤም ጀመረው፣ በ2005 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። ጽሑፉን በትናንሽ ርዕሶች ከፋፍሎ፣ የትኛው በየትኛው ቡክሌት እንደሚገባ በአንድ ካርታ ይወስናል። ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው መሣሪያ ነፃ ነው፤ ውዱ ነገር የሚማረው ሰው ጊዜ ነው። ለአራት ቡክሌት ዲታ መትከል፣ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ በርሜል ውኃ እንደማፍላት ነው። እኔ ብሆን ተራ የጽሑፍ ፋይሎችን የፋይል ለውጥ በሚመዘግበው በጊት አስቀምጬ፣ ገጹን በትእዛዝ በሚሠራው ገጽ አቀናባሪ በዜላቴክ አቀናብር ነበር። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ዜላቴክ የግዕዝ ፊደልንም የዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ አጻጻፍም በአንድ ገጽ ላይ ያስተናግዳል። ትእዛዝ መጻፍ የሚፈራ ጸሐፊ ካለ ግን ወር ያህል ያጉረመርማል።

ዋጋ ሲባል የፈቃድ ክፍያ ብቻ አይታሰብ። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ዘመን የተጻፈ ፋይል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ለመመለስ ስንቱ እንደገና ተየበ! ስለዚህ ሥርዓት የሚሸጥልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ጽሑፌን ይዤ መውጣት እችላለሁ?» ብዬ ነው።

ከዚያ የሙከራ ገጽ፦ አንድ የአማርኛ አንቀጽ፣ ትርጉሙ በዐረብኛ፣ በመካከላቸው ስልክ ቁጥር ያለበት ሠንጠረዥ። አትሙትና በወረቀት ላይ እዩት። ቁጥሩ ተገልብጦ ወይም የሠንጠረዡ ዓምድ ቦታ ተለዋውጦ ከወጣ፣ ሥርዓቱ በነፃ ቢሰጥም ይቅር።