የቢሮውን የድምፅ መልእክት ሳጥን ላፕቶፕ የሚከፍተው በገመድ ነው

ባቱ ውስጥ የሆቴልና የአበባ እርሻ ቢሮዎችን ስልክ ስለምሠራ አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደጋገምብኛል፦ «ዋይፋይ ላይ ነን፤ የድምፅ መልእክት ሳጥኑ ግን በላፕቶፕ አልከፈት አለን።» አይከፈትማ! አሮጌዎቹ ሳጥኖች ዋይፋይ የሚባል አያውቁም።

ገመዱ የሚመረጠው ሳጥኑ ባለው ሶኬት ነው፦

1. ሳጥኑ 9 እግር ያለው ሶኬት ካለው፣ አርኤስ-232 የሚባለው የግንኙነት ዓይነት ነው። የዛሬ ላፕቶፖች ይህ ስለሌላቸው ከዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ግዙ፤ ድራይቨሩን ጫኑና ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የኮም ቁጥሩን እዩ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፤ ገመዱ ኮም 5 ላይ ሆኖ ሳጥኑን የሚከፍተው ፕሮግራም ኮም 1 ላይ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ላይ የሚሞላው ፍጥነትም የሳጥኑ መመሪያ ካለው፣ ለምሳሌ 9600፣ ካልገጠመ የተዘበራረቀ ፊደል ይመጣል።

2. የኔትወርክ ሶኬት ካለው በገመድ አገናኙት። የሳጥኑ አድራሻ 192.168.1.2 ከሆነ ለላፕቶፑ 192.168.1.50 ስጡት።

የስልክ መስመሩን ግን ላፕቶፑ ላይ እንዳትሰኩ! ሲደወል 90 ቮልት ገደማ ይመጣበታል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ያለውን ቅንብር ኮፒ አድርጉ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃልም ቀይሩ፤ መመሪያውን ማንም አውርዶ ያነበዋል።

የሳጥናችሁን ሞዴል ጻፉልኝ፤ የትኛው ገመድ እንደሚሆን እነግራችኋለሁ።