የቪክቶሪያ ዘመን ግጥምና ልብ ወለድ በተማሪ ብዕር፦ የፈጠራ መልመጃ እንደ ማጥኛ ስልት



 የዛሬው ንግግሬ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይሞክራል። ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን በገዛችባቸው ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት የተጻፈ ግጥምና ልብ ወለድ በድሬዳዋ ለሚማር ወጣት ምን ይፈይድለታል? የሚፈይድለትስ በምን መንገድ ቢያጠናው ነው? ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ችግሩን እንመልከት። ለአብዛኛው ተማሪያችን እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ እንኳ አይደለም። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ በሰፈሩ አማርኛ፣ ከጎረቤት ጋር ሐረሪ እየተናገረ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛን የሚያገኘው በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ደረጃ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ የቻርልስ ዲከንስን አንድ ገጽ ሲገልጥ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ስምንትና ዘጠኝ መስመር ሲጓዝ ያገኘዋል። ቢደክመው አይፈረድበትም። ስለዚህ ወደ ማጠቃለያ ይሸሻል፤ ጭብጡን፣ የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝርና የደራሲውን ሕይወት በቃሉ ይይዛል፤ ለፈተና ይጽፈዋል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ዛሬ ደግሞ ማጠቃለያውን የሚያዘጋጅለት ማሽን በእጁ አለ። ነገር ግን ማጠቃለያ የሠርግ ዜና እንጂ ሠርጉ አይደለም። ድግሱን ያልቀመሰ ሰው ማን እንደተጋባ ቢያውቅም፣ በሠርጉ ተገኝቷል አይባልም።

መፍትሔው ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም። የቅኔ ቤታችን ሥርዓት መልሱን ከያዘ ቆይቷል። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ራሱ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የቅኔን ስልት የሚያውቀው የሚቀኝ ሰው ነው የሚለው እምነት የትምህርቱ መሠረት ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የቪክቶሪያን ዘመን ሥነ ጽሑፍ በጥልቀት የሚያውቀው፣ የዘመኑን ስልት በራሱ ብዕር የሞከረ ተማሪ ነው። የፈጠራ መልመጃ ስል «የተሰማህን ጻፍ» የሚል ልቅ ትእዛዝ ማለቴ አይደለም። አንድን ስልት ለይቶ፣ ሕጉን አውቆ፣ በሕጉ ውስጥ መሥራት ማለቴ ነው። አራት ምሳሌዎች አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ምሳሌ ከግጥም ነው። ሮበርት ብራውኒንግ በ1842 ያሳተመው «ማይ ላስት ደችስ» የተባለው ግጥም ድራማዊ መነባንብ በሚባለው ስልት የተጻፈ ነው። አንድ መስፍን የሟች ሚስቱን ሥዕል ለእንግዳ ያሳያል። እንግዳው ስለሚቀጥለው ጋብቻ ለመነጋገር የመጣ መልእክተኛ ነው። መስፍኑ ስለ ሥዕሉ ውበትና ስለ ራሱ ክብር ይናገራል፤ አንባቢው ግን በሚስቱ ላይ የፈጸመውን ክፉ ሥራ ከራሱ አንደበት ይረዳል። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ተማሪያችን ለዚህ ስልት እንግዳ አይደለም። ሆኖም ልዩነቱን ማስተዋል ይኖርበታል። በቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ባለ ቅኔው ራሱ ነው፤ አውቆ ይሰውረዋል። በብራውኒንግ ግጥም ግን ተናጋሪው ወርቁን መግለጡን አያስተውልም፤ በተናጋሪውና በገጣሚው መካከል ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት በገለጻ ማስረዳት ይቻላል፤ ተማሪው እንዲጨብጠው ግን ሊሠራው ይገባል። መልመጃው እንዲህ ይላል፤ ራሱን ደግ አድርጎ የሚያይ አንድ ሰው ምረጥ፤ የቤት አከራይ፣ የዕቁብ ዳኛ ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዝምተኛ አድማጭ ፊት አናግረው። ራሱን ሲያመሰግን ጥፋቱ ይታወቅበት፤ አንተ ግን በመካከል ገብተህ አትፍረድ። ይህን የጻፈ ተማሪ ወደ ብራውኒንግ ሲመለስ እያንዳንዱን ቃል በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የልብ ወለዱን አወጣጥ ይመለከታል። የዘመኑ ታላላቅ ልብ ወለዶች ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ተጠርዘው የወጡ አልነበሩም፤ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በክፍል በክፍል ይታተሙ ነበር። ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የተሰኘውን ሥራውን ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 በራሱ ሳምንታዊ መጽሔት በ36 ክፍሎች አወጣው። አንባቢው በየሳምንቱ ልቡ ተንጠልጥሎ ይጠብቅ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የተከታተለ ትውልድ ይህን ስሜት አሳምሮ ያውቀዋል። እንግዲህ መጽሐፉን በአንድ ወር ጨርሳችሁ ኑ ከማለት ይልቅ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ምዕራፎችን ብቻ ማንበብና ቀጣዩን ክፍል በአንድ ገጽ ገምቶ መጻፍ ይቻላል። ግምቱ ትክክል መሆኑ አያስፈልግም፤ ከተነበበው ውስጥ በሚታይ ፍንጭ ላይ መቆሙ ግን ግዴታ ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፍጻሜ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ዲከንስ ራሱ ሁለት ፍጻሜ እንደጻፈ ይነገረዋል። በመጀመሪያው ፒፕና ኤስቴላ ተገናኝተው ይለያያሉ፤ በሁለተኛው፣ ወዳጁ ቡልዌር ሊተን በሰጠው ምክር በተለወጠው፣ ተስፋ የሚሰጥ መዝጊያ አለ። የራሱን ፍጻሜ የጻፈ ተማሪ በሁለቱ መካከል ለመፍረድ ምክንያት አለው።

ሦስተኛው ምሳሌ እኛን በቅርብ ይነካናል። ዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» የተባለውን ልብ ወለድ ከጥር እስከ ነሐሴ 1868 በዚያው በዲከንስ መጽሔት በየሳምንቱ አወጣ። የታሪኩ መነሻ በ1799 የእንግሊዝ ሠራዊት በህንድ የስሪንጋፓታምን ከተማ በያዘ ጊዜ አንድ መኮንን የዘረፈው የተቀደሰ አልማዝ ነው። አልማዙ ወደ እንግሊዝ ይሄዳል፤ ከአንድ ቤት ይሰረቃል፤ በመጨረሻም ወደ ህንድ ይመለሳል። አሁን ቀኑን አስተውሉ። ይህ ታሪክ በለንደን በየሳምንቱ ሲነበብ፣ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው ሠራዊት በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ሞቱ። ከመቅደላ ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦትና የብራና መጻሕፍት ተወሰዱ፤ የተዘረፈውም ዕቃ በደላንታ ሜዳ ተጫረተ። ስለዚህ እንግሊዛዊው አንባቢ ስለ ተዘረፈ ቅዱስ ዕቃ የተጻፈውን ልብ ወለድ እየተከተለ ሳለ፣ የራሱ ሠራዊት ሌላ ቅዱስ ዕቃ እየዘረፈ ነበር።

የኮሊንስ ስልት የምስክርነት ስልት ነው። ታሪኩን ብዙ ሰዎች ተቀባብለው ይናገሩታል፤ እያንዳንዱም በዓይኑ ያየውን ብቻ እንዲናገር ታዟል። መልመጃውም ይህን ሕግ ይወስዳል። አንድ የብራና መጽሐፍ ከመቅደላ ወደ ለንደን ያደረገውን ጉዞ አራት ተማሪዎች በአራት ምስክሮች አንደበት ይጽፋሉ፤ አንዱ በመቅደላ የሚያገለግል ካህን፣ ሌላው የእንግሊዝ ሠራዊት ወታደር፣ ሦስተኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው ኢትዮጵያውያን እስረኞች አንዱ፣ አራተኛው በለንደን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይሆናል። እስረኛው በዚያች ዕለት ነጻ የወጣ ሰው ነው፤ ካህኑ ደግሞ ሁሉን ያጣ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ታሪክ በእሮሮ ብቻ እንደማይጻፍ፣ በድል ዜማ ብቻም እንደማይነገር ነው።

ከዚሁ ጋር የልዑል ዓለማየሁ ጉዳይ ይያያዛል። ልዑሉ በ1861 ተወለደ፤ አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ወደ ባሕር በሚደረገው ጉዞ ላይ አጣ፤ በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ ገባ። በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ፎቶግራፍ አነሣችው። ይህች ሴት የገጣሚው የአልፍሬድ ቴኒሰን ጎረቤት ነበረች፤ እሱንም በተደጋጋሚ አንሥታዋለች። የዘመኑን ትልቁን ባለ ቅኔና የቴዎድሮስን ልጅ ያነሣች እጅ አንዲት ናት። ቴኒሰን ድምፁን በግጥም አትርፎልናል፤ የልጁ ግን በአመዛኙ ምስሉ ነው የቀረልን። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በኅዳር 1879 በሊድስ አረፈ፤ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ንግሥቲቱም በዕለት ማስታወሻዋ ኀዘኗን ጽፋለች። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

ተማሪው ለዚህ ልጅ መነባንብ ይጻፍለት ቢባል ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓለማየሁ በእውነት የኖረ ሰው ነው፤ ያላለውን እንዳለ አድርጎ ማቅረብ ሌላ ዘረፋ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ገደብ እናደርጋለን። ተማሪው ፎቶግራፉንና የተረጋገጡትን ዓመታት መነሻ ያደርጋል፤ ከጽሑፉም ጋር የትኛው መረጃ፣ የትኛው ምናብ እንደሆነ ለይቶ የሚያሳይ መግለጫ ያያይዛል። በእኔ እምነት ከመልመጃው ሁሉ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ይህ መግለጫ ነው።

አራተኛው ምሳሌ የከተማችን ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ካረፈች ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ። ዲከንስም የባቡር ዘመን ሰው ነበር። ሰኔ 9 ቀን 1865 በስቴፕልኸርስት ሐዲዱ ለጥገና ተነሥቶ ሳለ ባቡር ደረሰ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ዲከንስ ነበር፤ ከጋሪው ወጥቶ ቁስለኞችን ረዳ። በ1866 ያሳተመው «ዘ ሲግናልማን» የተባለው አጭር ልብ ወለድ፣ ከዋሻ አፍ ተቀምጦ ምልክት የሚሰጥ የባቡር ሠራተኛ፣ አደጋ ሊመጣ ሲል አንድ መንፈስ እየታየው የሚሰቃይበት ታሪክ ነው። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያው ይደርሰዋል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያውቅም። ተማሪው ይህን ታሪክ ወደ ድሬዳዋ መስመር ያዛውረው። ለገሃር ሄዶ የድሮውን ጣቢያ ይይ፤ በምድር ባቡር ያገለገሉ አዛውንት ካሉ በአክብሮት ይጠይቅ፤ ምልክት በምን ይሰጥ ነበር? ሌሊት ብቻውን የሚጠብቅ ሠራተኛ ምን ይሰማ ነበር? በዋሻው ፋንታ ምን ይቁም? በደቻቱ አሸዋ ላይ በድንገት የሚመጣ ጎርፍ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መልመጃ ዝግጁ መልስ ከየትም ሊቀዳ አይችልም፤ ቁሳቁሱ ያለው በዚህች ከተማ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። አንደኛው የነጥብ አሰጣጥ ነው፤ ፈጠራ እንዴት ይለካል? ሐሳቤ ከ100 ነጥብ 40 ለፈጠራ ሥራው፣ 40 ከሥራው ጋር ለሚያያዘው የትንተና መግለጫ፣ 20 ደግሞ ተማሪው በቃል ቀርቦ ለሚሰጠው ማብራሪያ እንዲሆን ነው። በመግለጫው ተማሪው ያደረጋቸውን ምርጫዎች ከዋናው ጽሑፍ የተወሰነ ቦታ ጋር እያገናኘ ያስረዳል። በዚህ አሠራር የተዋበ ብዕር የሌለው፣ ነገር ግን በትጋት ያነበበ ተማሪ አይጎዳም፤ ሳያነብ የተቀኘም አያመልጥም። ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ረቂቅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጽፍና በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው ነውር የለውም። የትኛው አገላለጽ አልሻገር እንዳለው ሲገነዘብ፣ ስለ ሁለቱም ቋንቋ ይማራል። ሦስተኛው የክፍሉ ብዛት ነው። አንድ መምህር የብዙ ተማሪዎችን ሥራ ሁሉ በዝርዝር ማረም አይችልም፤ ስለዚህ በአራት በአራት ሆኖ መሥራትና ረቂቅን እርስ በርስ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «በዚያ ዘመን የገዢዎች ሥነ ጽሑፍ ላይ ለምን እንደክማለን?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ጎረቤታችን ሐረር ገብቶ 10 ቀን ቆየ፤ በ1856 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አወጣ። የሐረር ሰዎች ስለ እሱ ምን እንዳሉ የሚነግረን ግን በአብዛኛው እሱ ራሱ ነው። የዚያን ዘመን ጽሑፍ ባናነብ ይህ ሁኔታ አይለወጥም። አንብበን ማጠቃለያውን ብቻ ብንሸመድድም አይለወጥም። የሚለወጠው፣ ተጽፎብን የኖረውን ስልት ወስዶ በራሱ ድምፅ መጻፍ የሚችል አንባቢ ስናፈራ ነው።

ለመምህራን ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ በመጠኑ አነስተኛ ነው፤ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ከአንድ ኮርስ አንድ የጽሑፍ ፈተና ብቻ አንሡና በቦታው አንድ መልመጃ አስገቡ። ለተማሪዎች ደግሞ፣ ዲከንስን ከከፈታችሁ በኋላ እርሳስ ሳትይዙ አታንብቡ።