ስኩባ፦ ባሕር ውስጥ ተረጋግቶ መተንፈስ

በቡታጋዝ የሚያበስል ሰው ሲሊንደሩ አናት ላይ የምትገጠመውን ሬጉሌተር ያውቃታል። ታጭቆ ያለው ጋዝ እንዳለ ወደ ምድጃው ቢለቀቅ አደጋ ነው፤ እሷ ግን ግፊቱን ሰብራ፣ እሳቱ በሚፈልገው ልክ ታሳልፈዋለች። ስኩባ ጠላቂም ባሕር ውስጥ የሚተነፍሰው በዚችው ዕቃ ዘመድ ነው። ጀርባው ላይ የሚያዝለው የተለመደው ሲሊንደር ስፋቱ 12 ሊትር ሲሆን፣ አየሩ በ200 ባር ግፊት ስለሚታጨቅበት 2,400 ሊትር ያህል ይይዛል። ይህን ግፊት የትኛውም ሳንባ አይችለውም። ሬጉሌተሩ በሁለት ደረጃ ያበርደውና፣ ጠላቂው ሲስብ ብቻ፣ በዙሪያው ካለው ውሃ ግፊት ጋር አስተካክሎ ይሰጠዋል።

ዝምድናው ለምሳሌ ያህል የተባለ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ ቤንዚን ሲጠፋ መኪኖች በጋዝ መሄድ ጀመሩ። ኤር ሊኪድ የተባለው ኩባንያ መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን ለሞተሩ ጋዝ በልኩ የሚመጥን ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ይህንኑ ቫልቭ ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከዣክ ኢቭ ኩስቶ ጋር ሆኖ ለጠላቂ እንዲያገለግል አሻሻለውና እ.ኤ.አ. በ1943 ዛሬ የምናውቀው ስኩባ ተወለደ።

ማሽኑ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል፤ በደንብ ከተያዘ እምብዛም አያሳፍርም። የሚያስቸግረው ጠላቂው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ምቾት የቅንጦት፣ ደኅንነት ደግሞ የሕግ ጉዳይ ይመስለዋል። ውሃ ውስጥ ግን ሁለቱ አይለያዩም። የሚበርደው፣ መነጽሩ ውሃ የሚያስገባበት ወይም ጫማው የሚቆረጥመው ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ቶሎ የተነፈሰ አየሩን ይጨርሳል፤ አየሩን የጨረሰም ወደ ላይ ይሮጣል። አደጋው ያለው እዚህ ሩጫ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል፤ ስለዚህ 20 ሜትር ላይ የሚሳብ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየር ላይ ላዩን ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ነው። ተረጋግቶ በደቂቃ 15 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ ጥልቀት 45 ሊትር ያወጣል። 50 ባር ለመጠባበቂያ አስቀምጦ 40 ደቂቃ መቆየት ይችላል። የተጨነቀው ሁለት እጥፍ ሲተነፍስ 20 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። ለዚህ ነው ጥሩ አስተማሪ ጌጁን ቶሎ ቶሎ እያስነበበ፣ ትንፋሽ ረዘም አድርጎ ማውጣትን ደጋግሞ የሚያለማምደው።

የመጀመሪያው ሕግ ግን ከዚህም ይቀድማል፦ ትንፋሽ አይያዝም። በሳንባ ውስጥ ያለ አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይሰፋል፤ መውጫ ካላገኘ ሳንባን ይቀድዳል። ይህ እንዲሆን ጥልቅ ባሕር አያስፈልግም፤ ሳንባን ሞልቶ ትንፋሽን ይዞ የሚወጣ ሰው በመዋኛ ገንዳም ሊጎዳ ይችላል።

ጆሮ ሌላው አስቸጋሪ ነው። ከላይ እስከ 10 ሜትር ባለው ርቀት ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን፣ ጆሮ በጣም የሚያምመው ጀማሪ «ገና መጀመሬ ነው» በሚልበት ጥቂት ሜትር ውስጥ ነው። መፍትሔው አፍንጫን ቆንጥጦ በቀስታ እፍ ማለት ነው፤ ዘዴው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪም በአንቶኒዮ ቫልሳልቫ ስም ይጠራል። ቁም ነገሩ ሕመሙ ሳይመጣ መጀመር ነው። ካመመ በኋላ በኃይል መንፋት ጉዳት ያስከትላል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና መሞከር ይሻላል። እምቢ ካለ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን መጠበቅ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ባይወርድ ይመረጣል፤ መድኃኒት ውጦ የወረደ ሰው መድኃኒቱ ታች ሳለ ቢያልቅበት ሲወጣ ይቸገራል።

ዕቃ መግዛት ለሚፈልግ የእኔ ምክር ከመነጽር ይጀምር ነው። ሌላውን መከራየት ይቻላል፤ የፊት ቅርጽ ግን የየራስ ነው። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር ሲስቡ መነጽሩ ሳይወድቅ ከቆየ ልክ ነው። እንዳይደበዝዝ ደግሞ ከውድ ፈሳሽ ይልቅ ብዙ ጠላቂ ምራቁን እንትፍ ብሎበት አሽቶ ያጥበዋል።

የላስቲክ ልብስንም «ባሕሩ ሞቃት ነው» ብሎ የሚንቅ አለ። ውሃ ከሰውነት ሙቀትን የሚወስደው አየር ከሚወስደው 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው፤ 27 ዲግሪ የሚሆን ባሕርም ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጣል። ልብሱ የሚያንሳፍፍ ስለሆነ ለመስጠም የእርሳስ ክብደት ይታጠቃሉ። እዚህ ላይ የተለመደው ጥፋት ማብዛት ነው። ከልክ በላይ የታጠቀ ሰው አየር የሚሞላውን ሰደርያ እየነፋ፣ እያስተነፈሰ፣ እግሩን እያወራጨ ኮራሉን ይሰብራል፤ ከሁሉም በላይ አየሩን ይጨርሳል። ዓሣውን ተረጋግቶ የሚያየው ክብደቱን በልክ ያደረገው ነው።

ብቻውን የሚወርድ የለም፤ ጓደኛ የግድ ነው፤ የእያንዳንዱ ሬጉሌተር ላይም ለሌላው የሚሆን ትርፍ አፍ ተገጥሟል። ንግግሩ በእጅ ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት እኛ ዘንድ «ጥሩ ነው» ቢሆንም እዚያ «እንውጣ» ማለት ነው። ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ክብ ይሠሩበታል።

ወደ ላይ የመውጣት ጉዳይ ፍየሎች የሞቱበት ነው። የአየር አብዛኛው ክፍል ናይትሮጂን ሲሆን፣ በግፊት ሲተነፈስ ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። በፍጥነት ሲወጡ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋ አከርካሪንና አንጎልን ይጎዳል። ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልደን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባካሄደው ምርምር ፍየሎችን የግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባ አጠና። የታመመችው ፍየል አንድ እግሯን አንስታ ትቆም ነበርና ምልክቱን ማንም አይስተውም። እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው ውጤት ጠላቂ በደረጃ እያረፈ መውጣት እንዳለበት አሳየ። ዛሬ በእጅ አንጓ የሚታሰሩት ኮምፒዩተሮች የሚያሰሉት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር፣ የጀማሪው 18 ሜትር ነው፤ ሲወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይበልጥም፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ያርፋል። እነዚህን 3 ደቂቃዎች የሚዘል ሰው ምን የሚያስቸኩለው ነገር እንዳለ አይገባኝም።

ለኢትዮጵያዊ ጠላቂ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱም መልክዓ ምድሩ ነው። ቅርባችን ጅቡቲ ናት። ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ለጀማሪ ይመቻሉ፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር አንሥቶ ለጥቂት ወራት የዓለም ትልቁ ዓሣ ዌል ሻርክ ይታያል፤ በባብ ኤል መንደብ ያሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ግን ጅረታቸው ኃይለኛ ስለሆነ ልምድ ላለው ብቻ ናቸው። ከዚያስ? ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊወርድ ስለሚችል ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ «እኔ በባቡር ነው የምመለስ፣ በመኪና ነው» ማለት ከሕጉ አያስመልጥም፤ መሬት ለመሬት ተጉዞም ያንኑ ከፍታ ይደርሳል፤ እዚያም ይከርማል። የመጨረሻው ቀን ለከተማና ለዓሣ ምሳ ይተው።

ይህ ሁሉ ተጠብቆም ቤት ከገቡ በኋላ መገጣጠሚያ ቢያም፣ እጅ ወይም እግር ቢደነዝዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማዞር ቢመጣ «የጉዞ ድካም ነው» ብሎ መተኛት አይገባም። ሕክምናው ንጹሕ ኦክስጅን፣ ቀጥሎም የግፊት ክፍል ነው፤ ሰዓቱ በዘገየ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ስለ ወባና ስለ ታይፎይድ ይጠይቅ ይሆናል እንጂ «በዚህ ሰሞን ባሕር ውስጥ ጠልቀሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅምና፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ጊዜ፣ መቼ እንደጠለቀ ታማሚው ራሱ ቀድሞ ይንገር።